አፈር ነፍስ ሲዘራ

«የበርች ውጤት» የሚለውን ሐረግ መጀመሪያ ያየሁት ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች በተዘጋጀ አንድ የሥልጠና ጽሑፍ ላይ ነው። ጽሑፉ ድርቅ በአፈር ለምነት ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ያስረዳል፤ ዕውቀቱ ትክክል፣ ዓላማውም መልካም ነው። ሐረጉ ግን ገትሮ ያዘኝ። በርች ማን ነው? ሰው ነው፣ ዛፍ ነው፣ ወይስ ኬሚካል? ውጤቱስ የምን ውጤት ነው? አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው «የበርች ውጤት» ሲባል ወደ ጆሮው የሚመጣው የተማሪ የፈተና ነጥብ ነው። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ሐረግ በሌሎች ጽሑፎችም ላይ አገኘሁት። ሥር ሳይሰድ የተሻለ ቃል ይፈለግለት ብዬ የተነሣሁት ለዚህ ነው።

ነገሩ ራሱ ለአንባቢ ሩቅ አይደለም። አፈር ለወራት ደርቆ ይቆይና የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው በሰዓታት ውስጥ ይቀሰቀሳል። በውስጡ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን የተጠራቀመውን ብስባሽ በፍጥነት ይፈጩታል፤ ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት ይወጣል፤ በብስባሹ ውስጥ ታስሮ የኖረው ናይትሮጅንም ተፈትቶ ተክል ሊወስደው በሚችለው መልክ ይገኛል። ይህ ግርግር ጥቂት ቀናት ይቆይና ይበርዳል። አፈሩ ዳግመኛ ደርቆ ዳግመኛ ሲርስ ደግሞ እንደገና ይነሣል።

ይህን በቅጡ ለክቶ የጻፈው ኤች. ኤፍ. በርች የተባለ ተመራማሪ ነው። የሠራው በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ አልነበረም፤ እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ከናይሮቢ ብዙም በማትርቀው በሙጉጋ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የግብርናና የደን ምርምር ድርጅት ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 «ፕላንት ኤንድ ሶይል» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ አፈር ሲደርቅና ሲርስ ብስባሹ እንዴት እንደሚፈርስና ናይትሮጅኑ እንዴት እንደሚለቀቅ አሳየ። ድርቀቱ በረዘመ ቁጥር በኋላ የሚመጣው ግርግር እንደሚበረታም ጻፈ። ስሙን ለክስተቱ የሰጡት ከእሱ በኋላ የመጡ ሳይንቲስቶች ናቸው፤ ይገባዋልም። እኔ የምከራከረው በሰውየው ክብር ላይ አይደለም። ከምሥራቅ አፍሪካ አፈር የተገኘ ዕውቀት፣ በጋና ክረምቱን በአፈሩ ጠረን የሚለይ ሕዝብ ወደሚናገረው ቋንቋ ሲገባ እንግዳ መስሎ መግባት የለበትም ነው የምለው።

በዚያው የሥልጠና ጽሑፍ «የአፈር ድርቅ» የሚልም አለ። አማርኛ ድርቅንና ድርቀትን የለያየው በከንቱ አይደለም። ድርቅ የአገር መከራ ነው፤ የ1966ቱ፣ የ1977ቱ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከሸፉበት። ድርቀት ግን የአንድ አካል ሁኔታ ነው፤ የከንፈር፣ የቆዳ፣ የአፈር። ድርቅ ባይኖርም በየበጋው የአፈር ድርቀት አለ። እኛ የምንነጋገርበት ነገር የሚነሣው ከድርቀት ሲሆን ድርቅ የሚያደርገው ማራዘምና ማክፋት ነው። ሁለቱን ቃላት ያቀላቀለ ጽሑፍ ሳይንሱንም ያቀላቅላል።

አሁን ለዚህ ክስተት ወደ ቀረቡት ተፎካካሪ ስያሜዎች እንሂድ።

«ውጤት» ከወጣ የወጣ ነው፤ ከሥራ ወይም ከፈተና የተገኘ ነገር ማለት ነው። ይህን ያስተዋሉ አንዳንዶች «የበርች ተጽዕኖ» ወደሚለው ሸሽተዋል። እሱ ደግሞ ይብሳል። ተጽዕኖ ከግዕዙ ጸዐነ የመጣ ነው፤ ጸዐነ በአማርኛ ጫነ የሆነው ግሥ ነው። ስለዚህ ተጽዕኖ ሲባል ጫና አለ፣ ሸክም አለ፣ ተጭኖ የሚያጎብጥ አካል አለ። «የበርች ተጽዕኖ» በርች በአንድ ሰው ላይ ያሳደረው ጫና እንጂ በአፈር ውስጥ የሚሆን ነገር አይመስልም። ከሰውየው ስም ጋር ተጣብቀው ከሚሄዱት ሁሉ ይሻላል የምለው «የበርች ክስተት» ነው፤ ክስተት ከከሠተ፣ ገለጠ ማለት ነውና ቢያንስ አንድ የታየ ነገር እንዳለ ይናገራል። ለጥናት ወረቀት ይበቃል። ምን እንደተከሠተ ግን አይነግረንም።

ሁለተኛው «የዳግም እርጥበት ምት» ነው። ይህን የፈጠረው ሰው ጥሯል፤ ቢያንስ ስለ ውኃ አውርቷል። ነገር ግን ምት በአማርኛ ወይ ዱላ ነው፣ ወይ የልብ ምት ነው፣ ወይ የዜማ ምት ነው። ሦስቱም ውስጥ መታ አለ። አፈሩን የመታው ማን ነው? ዝናቡ ነው ከተባለ በረዶ ወርዶ ማሳውን የደበደበ ያስመስላል። ከዚያም በላይ ሐረጉ ምክንያቱን እንጂ የሚሆነውን አይጠራም፤ ዝናብ መጣ ይላል፣ አፈሩ ምን ሆነ ለሚለው ግን መልስ የለውም።

ሦስተኛው ከሁሉም ያምራል። እኔም ብዙ ጊዜ ሳሰላስለው ኖሬያለሁ፦ «የአፈር ንቃት»። አጭር ነው፣ የራሳችን ነው፣ ለሳይንሱም የቀረበ ነው፤ ምክንያቱም ረቂቅ ተሕዋስያኑ ብዙዎቹ በድርቀት ወራት እንቅልፍ በሚመስል ሁኔታ ያሳልፋሉ። ዳሩ ግን አማርኛ ሁለት «ነቃ» አለው። በግዕዝ ነቅሀ ማለት ከእንቅልፍ ተነሣ ነው። ነቅዐ ደግሞ ተሰነጠቀ፣ ፈለቀ ማለት ነው፤ የምንጭ ስም የሆነው ነቅዕም ከዚሁ የወጣ ነው። ግዕዝ አንዱን በሃሌታው ሀ፣ ሌላውን በዓይኑ ዐ እየለየ ሲያኖራቸው፣ አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲጥል ሁለቱ ግሦች በአንድ ልብስ ቀሩ። ዛሬ «ልጁ ነቃ» ስንል ከእንቅልፉ ተነሣ፣ «እንስራው ነቃ» ስንል ተሰነጠቀ ማለታችን ነው።

አፈር ላይ ሲደርስ ደግሞ የሚያሸንፈው የመሰንጠቁ ነቃ ነው። ንቃቃት የሚለውን ቃል የማያውቅ ገበሬ የለም። በአገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት የሚሸፍነው ጥቁሩ የዋልካ አፈር በበጋ ሲደርቅ እየተኮማተረ ይሄድና እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ያወጣል። ለዚህ ገበሬ «አፈሩ ነቃ» ብትሉት የሚታየው ደርቆ የተተረተረ ማሳ ነው፤ ልትነግሩት የፈለጋችሁት ግን የራሰውን ነው። ለከተማው ሰው ደግሞ ንቃት ከንቃተ ኅሊና ጋር የታሰረ ነው፤ «የአፈር ንቃት» ሲባል ስለ አፈር ግንዛቤ የማስጨበጥ ዘመቻ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ቃል በወረቀት ላይ ቢያምርም ማሳ ውስጥ ሲገባ ተቃራኒውን ይናገራል። ስለዚህ እያዘንኩ ተውኩት።

የእኔ ምርጫ «ነፍስ መዝራት» ነው። አፈሩ ነፍስ ዘራ።

ይህ አዲስ ቃል አይደለም፤ ሁላችንም በቤታችን የምንለው ነው። ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ውኃ ተረጭቶበት ዐይኑን ሲገልጥ ነፍስ ዘራ እንላለን። ሲርበው ውሎ እህል የቀመሰ ሰው «አሁን ነፍስ ዘራሁ» ይላል። ከውኃ መረጨት በኋላ የሚመጣ መመለስን የሚገልጽ ግሥ እጃችን ላይ እያለ ሌላ ፍለጋ መሄድ ለምን አስፈለገ?

ሥሩን ደግሞ ተመልከቱ። ነፍስ፣ እስትንፋስ፣ ትንፋሽ፣ ተነፈሰ፣ ነፋስ፤ ሁሉም የነ፣ የፈ እና የሰ ልጆች ናቸው። በግዕዝም በአማርኛም ነፍስና መተንፈስ ከአንድ ግንድ ናቸው። ሳይንቲስቶች ይህን ክስተት የሚያውቁት በምን ነው? ከራሰው አፈር የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመለካት ነው፤ ይህም የአፈሩ እስትንፋስ ነው። ነፍስ ዘራ ሲባል በቃሉ ውስጥ ትንፋሹ አለ። ሌላው ግማሽ ደግሞ ዘራ ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ገበሬው የሚያስበው ግሥ። መተንፈስና መዝራት በአንድ አባባል ተጣምረው የሚገኙበት ሌላ ሐረግ በአማርኛ አላውቅም፤ ክስተቱም የእነዚህ የሁለቱ ጉዳይ ነው፤ አፈሩ ይተነፍሳል፣ ገበሬውም የሚዘራበትን ቀን ይወስናል።

ከሁሉ በላይ ግን የማከብረው ግሥ መሆኑን ነው። አማርኛ በግሥ የሚቆም ቋንቋ ነው። ገበሬው መሬቱን መጀመሪያ ሲያርስ ገመሰ ይላል፣ ሁለተኛ ሲደግም አየመ፣ ሦስተኛ ሲሄድበት ሰለሰ። ለእያንዳንዱ እርሻ የራሱ ግሥ ያለው ሰው «የበርች ውጤት ተከስቷል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሊናገር አይችልም። «አፈሩ ነፍስ ዘራ»፣ «ይህ ማሳ ገና ነፍስ አልዘራም»፣ «ቶሎ ነፍስ የሚዘራ አፈር» ግን ያለ አስተማሪ ይላል። ከስም ብቻ የተሠራ ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ ይኖራል፤ በአፍ እንዲኖር የሚረባ ግሥ ይፈልጋል።

ሁለት ተቃውሞዎች ቀርበውልኛል። አንደኛው ነፍስ የሃይማኖት ቃል ስለሆነ ለሳይንስ አይሆንም የሚል ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች የነፍስ ወከፍ ገቢ ሲባል አንድም ቀን ተቃውመው አያውቁም። በኢኮኖሚ ሪፖርት የገባች ነፍስ በአፈር ሪፖርት ለመግባት ምን ይከለክላታል? ነፍሰ ጡር የሕክምና ቃል ነው። በየማሳው የሚርመሰመሱትን ጥቃቅን ፍጥረታት ነፍሳት ስንላቸው ሥነ ሕይወት ውስጥ ገብተን ነው። ፈረንጆቹስ ቢሆኑ? የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል ከመሬት የሚነሣውን ያንን የምንወደውን ሽታ ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች፣ ኢዛቤል ጆይ ቤርና ሪቻርድ ቶማስ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ፔትሪኮር ብለው ሰየሙት። ከግሪክ የተሠራ ነው፤ ፔትራ ድንጋይ፣ ኢኮር በግሪክ ተረት በአማልክት ሥር የሚፈስ ደም። በሳይንስ መጽሔት ላይ የአማልክትን ደም ከድንጋይ ጋር ያጣመረ ቃል ወጥቶ ዓለም ተቀብሎታል። እኛ በየቀኑ የምንናገረውን ነፍስ ዘራ ለመጻፍ የምንፈራበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ነፍስ መዝራት የምሥራች ይመስላል፤ ክስተቱ ግን ኪሳራም አለበት ይላሉ። እውነት ነው። የሚወጣው ካርቦን ከአፈሩ ሀብት ላይ የሚቀነስ ነው። የሚፈታው ናይትሮጅንም ወደ ናይትሬት ከተለወጠ በኋላ፣ ናይትሬት እንደ ሸክላው ቅንጣት ኔጌቲቭ ሙል ያለው ስለሆነ አፈሩ አይዘውም፤ የሚቀበለው ሥር ከሌለ ጎርፉና ሥርገቱ ይወስደዋል። ነገር ግን አባባሉን በደንብ እንስማው። ነፍስ ዘራ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ነፍስ የዘራ በሽተኛ ገና አልጋ ላይ ነው፤ ቶሎ ካልደረሱለት ተመልሶ ይወድቃል። ቃሉ ችኮላን በውስጡ ይዟል፤ ክስተቱም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

በአፈሩ ውስጥ የሚሆነው ነገር ለዚህ ቃል ምን ያህል እንደሚመጥን ጥቂት ልበል። በደረቀ አፈር ውስጥ የሚቀር ረቂቅ ተሕዋስ ውኃው ከአካሉ ተስቦ እንዳያልቅ ስኳርና አሚኖ አሲድን የመሰሉ ነገሮች በውስጡ ያከማቻል። ዝናብ ድንገት ሲደርስ ውኃ ወደ ውስጡ ይጎርፋል፤ ያከማቸውን ቶሎ ካልተፋ ይፈነዳል። የተተፋውም የፈነዳውም ለተረፉት ቀለብ ይሆናል። ጥቃቅኖቹ የአፈር ጓሎችም ሲርሱ ይፈረካከሳሉና በመካከላቸው ተሸሽጎ የነበረው ብስባሽ ይጋለጣል። ሞት ለሕይወት ስንቅ የሚሆንበት ጥቂት ሰዓት ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ መታረም ያለበት ሌላ ቃል አለ። «ኒውትሬንት ሳይክሊንግ» ለሚለው አንዳንዶች «የንጥረ ነገር ዑደት» ይላሉ። ዑደት ድንቅ ነው፤ ከዖደ፣ ዞረ የመጣ፣ ታቦት በክብር ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር ሕዝቡ የሚጠራበት ቃል ነው፤ አይነካ። ንጥረ ነገር ግን በትምህርት ቤት መጻሕፍት ወርቅንም ሂሊየምንም የሚጨምር ነው፤ ተክል ሂሊየም አይበላም። ንጥረ ምግብ ይባል። ንጥር የሚለው በንጥር ቅቤ ምክንያት ሁሉም ቤት የሚታወቅ ነው፤ ምግብ ሲጨመርበት የማን ቀለብ እንደሆነ ይታወቃል። ስለዚህ የንጥረ ምግብ ዑደት።

ድርቅ ይህን ዑደት አያቆመውም፤ ይበጣጥሰዋል። ፎስፈረስና ፖታሲየም ወደ ሥር የሚደርሱት በአፈር ቅንጣቶች ዙሪያ ባለው ስስ ውኃ ውስጥ እየተጓዙ ነው፤ ውኃው ሲሳሳ መንገዱ ይቆረጣል። ንጥረ ምግቡ በአፈሩ ውስጥ እያለ ተክሉ ይራባል። በሌላ በኩል ተክሉ ጠውልጎ መምጠጥ ካቆመ በኋላም ብዙ ረቂቅ ተሕዋስያን ከዚያ በደረቀ አፈር ውስጥ ቀስ እያሉ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ ስለዚህ ፈቺ አለ፣ ተቀባይ የለም፣ ናይትሮጅኑ ይከማቻል። ድርቀቱ ለብዙ ዓመታት ሲጸና ደግሞ ካርቦንና ናይትሮጅን እየመነመኑ ከድንጋይ የሚመጣው ፎስፈረስ በአንጻሩ ይበረክታል። አብረው ሲሄዱ የኖሩት እነዚህ ንጥረ ምግቦች መለያየታቸውን ለመግለጽ «የዑደት መዛነፍ» የሚል ሐረግ እመክራለሁ፤ መዛነፍ ያለ ማብራሪያ የሚገባ ቃል ነው።

ወደ ነፍስ መዝራት ልመለስና ቃሉ በሥራ ላይ የሚያነሣውን ጥያቄ ላሳይ። የመጀመሪያው ዝናብ የፈታውን ናይትሮጅን የሚጠቀመው ሥሩ ቀድሞ የወጣለት ሰብል ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ቀድሞ መዝራት ለሰብል እንደሚበጅ ከሚነገርባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ግን ዝናቡ ጥሎ ቢጠፋስ? አፈሩ ነፍስ ይዘራል፣ ይደርቃል፣ ደግሞ ነፍስ ይዘራል፤ በየጊዜው ከብስባሹ እየከፈለ። ከረጅም ድርቅ በኋላ ያለው ጥያቄ ደግሞ ይህ አፈር በምኑ ነፍስ ይዝራ የሚል ነው። ከብቱ አልቋል፤ ስለዚህ ፍግ የለም። ገለባው በተረፉት እንስሳት ተበልቷል። የተገኘችውም ኩበት ምድጃ ገብታለች። ብስባሽ ያጣ አፈር ዝናብ ሲነካው ይርሳል እንጂ ነፍስ ለመዝራት አቅም የለውም። ስለ ድርቅ ማገገሚያ ሲታሰብ ዘርና ማዳበሪያ ማደል ብቻ የማይበቃው ለዚህ ነው፤ የአፈሩም ቀለብ አብሮ ይታሰብ።

የሥልጠና ጽሑፍ፣ የመማሪያ መጽሐፍና የሬዲዮ ዝግጅት ለምታዘጋጁ ሁሉ ልመናዬ ይህ ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ «ነፍስ መዝራት፣ በሳይንሱ ዓለም የበርች ክስተት የሚባለው» ብላችሁ የሰውየውን ስም በክብር ጥሩ፤ ከዚያ በኋላ ነፍስ መዝራት ብቻ በሉ። በምትኖሩበት ወይም በምትሠሩበት አካባቢ ገበሬው ለዚህ ነገር የራሱ ስም ካለው ግን የእኔን ተዉትና የእሱን ጻፉ።